የኪራይ ሰፈር፦ የአራዳና የፒያሳ ተከራዮች ታሪክ

ፒያሳ እየተባለ የሚጠራው የአዲስ አበባ አሮጌ የንግድ እምብርት፣ ከመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለትና ወደ ደጎል አደባባይ የሚዘረጋው ሰፈር፣ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በኪራይ ነው። በዚህ ሰፈር መሬቱን የያዘው፣ ቤቱን ያሠራውና በቤቱ ውስጥ ሠርቶ የሚያድረው ሰው አንድ የሆኑበት ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ የባለቤትነቱ ሥርዓት በየዘመኑ ሲገለባበጥ ሳይለወጥ የቀጠለው ሰው ተከራዩ ነበር። ስለ ሰፈሩ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ በነገሥታቱ፣ በመሐንዲሶቹና በሕንፃዎቹ ውበት ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ በየወሩ ኪራይ እየቆጠረ ሰፈሩን ሰፈር ያሰኘው ይህ ሰው በጥላ ውስጥ ቀርቷል። የከተማው ነዋሪ አጠራር ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ ቤቶቹን የሚጠራቸው አብዛኛውን ጊዜ በውስጣቸው በሚሠራው ሰው ወይም ሥራ ስም እንጂ በባለንብረቱ ስም አይደለም፤ ቀጠሮ ይሰጥ የነበረውም ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት ነው። ይህ ስም፣ ማለትም ተከራዩ በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ያሳደገው ዝና፣ የማን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ የፒያሳን የኪራይ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስተሳስር ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተደራጀችው በሰፈር ነው። ሰፈር የሚለው ቃል ዛሬ የከተማ ክፍል ማለት ቢሆንም፣ መነሻው የጦር ሠራዊት ያረፈበት ቦታ ማለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መኰንን ከዳግማዊ ምኒልክ በተሰጠው ጉብታ ላይ ግቢውን አጥሮ፣ ሎሌዎቹና ወታደሮቹ ዙሪያውን ከብበው የሚኖሩበትን አቀማመጥ ያመለክት ነበር። የራስ መኮንን፣ የደጃዝማች ውቤና የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈሮች ስማቸውን ይዘው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚህ ሰፈሮች መካከል፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አራዳ የሚባለው ታላቅ የገበያ ሜዳ ነበር፤ ከየአውራጃው የመጣው ነጋዴ ጨው፣ ቡና፣ እህል፣ ከብትና ጨርቅ የሚገበያየው እዚያ ነበር። መሬቱ በዚያ ዘመን የሚሸጥና የሚለወጥ ሸቀጥ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሆኖ ለሹም በማደሪያነት፣ ማለትም ላገለገለበት ዘመን እንዲጠቀምበት ይሰጥ ነበር እንጂ እንደ ርስት ለልጅ የሚተላለፍ መብት አያስገኝም ነበር። በዚህ የተነሣ ከሐረርና ከጅቡቲ በኩል የመጡት የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች በገበያው ዳር ሱቅ ለመክፈት ሲፈልጉ ሁለት መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ወይ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ቦታ መቀበል፣ ወይ በአንድ መኰንን ይዞታ ውስጥ ተጠግቶ መሥራት።

ኪራይ የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ ካለው ኪራእ ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ በሲራራ ነጋዴ ዘንድ ለበቅሎና ለግመል ጭነትም የሚነገር ቃል ነበር። ቃሉ ከጉዞ ወደ ተቀማጭነት፣ ከእንስሳ ጀርባ ወደ ክፍል ግድግዳ የተሸጋገረበት ሂደት የከተማይቱ የራሷ ታሪክ ነው፤ በየወቅቱ ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄደው ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ ዕቃ ዘርግቶ መሸጥ ሲጀምር ከዝናብና ከሌባ የሚጠብቀው፣ በቁልፍ የሚዘጋ ክፍል አስፈለገው፤ እንዲህ ያለው ክፍል ደግሞ የሚገኘው መሬት ካለው ሰው ዘንድ ብቻ ነበር።

ቀድመው ቋሚ የሥራ ቤት ከፈለጉት ተቋማት አንዱ የአቢሲኒያ ባንክ ነው። በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሞ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ የተመረቀው ይህ ባንክ፣ የራሱ ሕንፃ በአራዳ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን የጀመረው በራስ መኮንን ግቢ ውስጥ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የገንዘብ ተቋም በአንድ መስፍን ግቢ ውስጥ ተጠግቶ መጀመሩ ለዚያ ዘመን ነዋሪ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤት ሥራ በሙሉ የሚካሄደው በሹሙ መኖሪያ ስለነበረ፣ ሥራን ከመኖሪያ የለየ ቤት፣ ዛሬ ቢሮ የሚባለው ነገር፣ ገና ስምም ቅርጽም አልነበረውም። የባንኩ ሕንፃ ሲጠናቀቅና እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል እንግዳ መቀበል ሲጀምር፣ በገንዘብ ተከፍሎ የሚገባበት ቤት በከተማይቱ የታወቀ ነገር ሆነ። ክፍያው ሁሉ በጠገራ ብር፣ ማለትም በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ባንኩ የወረቀት ገንዘብ ያወጣው በ1907 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ነጋዴው ወረቀቱን ለመቀበል ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አመንትቷል።

የኪራይን መሠረት የጣለው ግን ከባንኩም ከሆቴሉም ይልቅ በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መሬት ደንብ ነው። ምኒልክ በዚያው ዓመት ሚኒስትሮችን የሾሙ ሲሆን፣ የመሬቱ ደንብ በከተማይቱ ቦታ የያዘ ሰው ይዞታው በመዝገብ ተጽፎለት የግሉ እንዲሆን፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰው እንዲችል ፈቀደ። ይህ ደንብ አንድ ለውጥ ብቻ ያመጣ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሁለት ነበር። በአንድ በኩል ለሠራዊት ማረፊያ ተብሎ ሰፊ ጉብታ የተሰጠው መኰንን በአንድ ሌሊት የከተማ ቦታ ባለቤት ሆነ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ጉብታ ላይ ሰፍሮ የነበረው ሎሌ፣ ባለ እጅና ነጋዴ ተጠግቶ ከሚኖር ሰው ወደ ተከራይ ተለወጠ። የከተማይቱ መሬት በጥቂት ባላባቶች እጅ ተከማችቶ የኖረበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ስድሳ ሰባት ዓመታት የአራዳ ነጋዴ የከፈለው የቦታ ኪራይ ሁሉ የሚመነጨው፣ መጀመሪያ ለወታደራዊ አገልግሎት ታስቦ ከተደረገ ክፍፍል ነበር።

የኪራዩ አሠራር ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ባለመሬቱ ራሱ ሠርቶ የሚያከራየው ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛውና በድሃው ዘንድ ይበልጥ የተስፋፋው የቦታ ኪራይ ነበር፤ በዚህ አሠራር ተከራዩ ባዶ ቦታ ተከራይቶ በራሱ ገንዘብ ከእንጨትና ከጭቃ ቤት ይሠራና፣ ለመሬቱ ብቻ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፍላል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ውል አደገኛ ነበር፤ ግድግዳው የተከራዩ፣ መሬቱ የባለመሬቱ በመሆኑ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ተከራዩ ቤቱን ይዞት ሊሄድ አይችልምና። ውሉ በአብዛኛው በቃል፣ በምስክርና በዋስ ይጸና ነበር፤ ዋስ ማለት ተከራዩ ቢከዳ ዕዳውን እከፍላለሁ ብሎ የሚቆም ሰው ነው። በገበያው ላይ የፍርድና የቀረጥ ሥልጣን የነበረው ነጋድራሱ ሲሆን፣ ይህ ሹመት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ይህንኑ ሥልጣን እንደያዙ ነበር። የውጭ አገር ሰው ያለበት ክርክር ግን በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተደራዳሪው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል እየተባለ የሚጠራው ስምምነት የቆንስሎችን ጣልቃ ገብነት ስለፈቀደ፣ አንድ ሱቅ በኪራይ የያዘ ባዕድ ነጋዴና ቤቱን ያከራየው ኢትዮጵያዊ ባለመሬት በእኩል ዳኝነት ፊት አይቆሙም ነበር። የአራዳ ባለርስቶች ከዜጋቸው ይልቅ ለባዕዱ ማከራየትን የሚመርጡትም የሚፈሩትም በዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ የውጭው ነጋዴ ኪራይ ይከፍላል፣ ቢክድ ግን ከቆንስሉ ጀርባ ይሸሸጋል።

የቤቶቹ አሠራር የኪራዩን ጠባይ ያሳያል። በአራዳ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፎቅ ቤቶች፣ የአርመኑ ሚናስ ኸርበኪያንና የሕንድ ባለ እጆች አሻራ የሚታይባቸው፣ ከታች ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ፣ ከላይ በእንጨት የተዋቀረና ዙሪያውን በረንዳ የከበበው ቤት ነበሩ። ምድር ቤቱ ወደ መንገድ የተከፈቱ በሮች ያሉት ሱቅ ሲሆን፣ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ወይም ከጓሮ በኩል ነው። ይህ አሠራር ባለቤቱ ከላይ እየኖረ ከታች እንዲነግድ የታሰበ ቢሆንም፣ ደረጃው ከሱቁ የተለየ በመሆኑ ላይኛውንና ታችኛውን ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለማከራየት የተመቸ ሆነ። በዚህ የተነሣ የኋላው ዘመን ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ አንሺና የአስመጪና ላኪ ወኪል ቢሮውን የከፈተው በእነዚሁ የእንጨት ደረጃዎች ጫፍ ላይ ነው። የመሐመድ አሊ የንግድ ድርጅት ሕንፃ፣ የአርመኑ ነጋዴ የከቮርኮፍ ሕንፃ፣ ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የከፈቱት መድኃኒት ቤት፣ በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በብዛት የመጣው ቆርቆሮ፣ መስታወትና ብረት አራዳን ከገበያ ሜዳነት ወደ ሱቅ ጎዳናነት ለወጧት። አራዳ የሚለው ስም ራሱ የከተማን ኑሮ የተካነ፣ ነቄ ሰው ማለት ሆኖ በቋንቋው ውስጥ የቀረው በዚህ ዘመን የነበረውን ጉልበት የሚመሰክር ነው።

የኢጣልያ ወራሪ ጦር ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ለቀው ሲሄዱ አራዳ ተዘረፈች፤ ኢጣልያኖች ከሦስት ቀን በኋላ ሲገቡ ብዙዎቹ ሱቆች ተቃጥለው ነበር። ወራሪው የያዘው ዓላማ አሮጌውን የንግድ ሰፈር የነጮች ማድረግ ሲሆን፣ ይህንንም የፈጸመው በሁለት መንገድ ነው። የመሐመድ አሊን ድርጅት የመሰሉ ታላላቅ የሕንድ ቤቶችን ከአገር አስወጣ፤ የአገሬውን ገበያ ደግሞ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ አዛወረ። የኢጣልያ ባንኮች በአራዳ ቅርንጫፍ ከፈቱ፤ የአደባባይ ትርጉም ያለው ፒያሳ የተባለው ቃልም የሰፈሩ መጠሪያ ሆነ። ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ስም የተገኘው ካዛንቺስም የዚያው ዘመን ትሩፋት ነው። የአምስቱ ዓመት ወረራ በፒያሳ የኪራይ ታሪክ ላይ ያስከተለው ዘላቂ ለውጥ ግን ስሙ ሳይሆን የገበያው መነቀል ነው፤ ጨውና እህል፣ ከብትና በርበሬ ወደ መርካቶ ሲሄዱ በፒያሳ የቀረው የመስኮት ንግድ፣ ሲኒማው፣ ቡና ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱና ቢሮው ነበር። ከነጻነት በኋላ ገበያው ወደ ጥንቱ ቦታ ስላልተመለሰ፣ ፒያሳ በጭነት ሳይሆን በዝና የሚነገድባት ሰፈር ሆና ቀረች።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ሠላሳ አራት ዓመታት የፒያሳ ኪራይ የበሰለበት ዘመን ነው። የተሰደዱት ነጋዴዎች ከፊሎቹ ተመለሱ፤ አንዳንድ ኢጣልያኖችም ምግብ ቤትና ጋራዥ ከፍተው ቀሩ። ባለመሬቶቹ ከወረራው በፊት እንደነበሩት መሳፍንቱና ባለሟሎቹ ሲሆኑ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ በንግድ የበለጸጉ ሰዎችም ተጨመሩባቸው። የቢሮ ፍላጎት ያደገው መንግሥቱ ሲሰፋ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካለ ማመልከቻ አለ፣ ማመልከቻ ካለ ራፖር ጸሐፊ፣ ማለትም ለባለጉዳይ አቤቱታ እያዘጋጀ የሚኖር ሰው፣ ጠበቃና የትርጉም ቤት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ከዳኛውና ከሹሙ በእግር መንገድ ርቀት ውስጥ ክፍል ይፈልጋሉ። በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ከፒያሳ በላይ ሲቆም ይህ ፍላጎት ይበልጥ ጸና፤ የቦታ ካርታ፣ የንግድ ፈቃድና የልደት ምስክር ወረቀት ፈላጊው ሁሉ በፒያሳ የሚያልፍ ሆነ። በተቃራኒው ደግሞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ወደ ለገሐር የሚወርደው አዲሱ መስመር፣ የከተማይቱ ዕቅድ አውጪዎች ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው እንደ ዋና ዘንግ ያሰቡት፣ ትላልቆቹን ተከራዮች ወደ ታች ይስብ ጀመር። አንሪ ሾሜ የነደፈው የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ የተሠራው በዚያ በኩል ነው። ባንኩና አየር መንገዱ፣ የኢንሹራንሱ ኩባንያና ዓለም አቀፉ ድርጅት ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ በፒያሳ አሮጌ ደረጃዎች ላይ የቀሩት ትንንሾቹ ቢሮዎች ሲሆኑ፣ የሰፈሩ ጠባይ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የአንድና የሁለት ክፍል ተከራይ ጠባይ ሆነ።

በዚህ ዘመን የወጡት ሁለት ሕጎች የተከራዩን ነገር ከማንኛውም ሌላ ሰነድ ይልቅ በትኩረት ያዩ ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን ራሱን የቻለ የውል ዓይነት አድርጎ ደነገገ፤ ጥቃቅን እድሳቶችን ለተከራዩ፣ ትልልቆቹን ለአከራዩ አከፋፈለ፤ ውል በጽሑፍ ሲደረግ በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም አዘዘ። የልማዱ ጉልበት ግን ከሕጉ ጋር አብሮ ቀጠለና፣ ሁለት ምስክር የሚበቃው ውል ዛሬም ድረስ በብዙ ቦታ የሚፈረመው በሦስት እማኞች ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ከዚህ በላይ ሄደ። ሕጉ የንግድ መደብር የሚል ጽንሰ ሐሳብ አስገባ፤ በዚህ አገባብ መደብር ማለት ሱቁ ወይም ቤቱ ማለት ሳይሆን፣ ነጋዴው ሥራውን ለማካሄድ ያሰባሰባቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ሁሉ በአንድነት የሚቆጠሩበት፣ ግዙፍነት የሌለው ንብረት ማለት ነው። ከነዚህ ነገሮች ዋነኛው መልካም የንግድ ዝና ሲሆን፣ የንግድ ስሙና ሥራው የሚካሄድበትን ቤት የመከራየት መብትም በውስጡ ሊገባ ይችላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የፒያሳ ሰው ሲያደርገው የኖረውን ነገር በቋንቋው ጻፈው፤ ተከራዩ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ የፈጠረው ስም፣ ያፈራው ደንበኛና የኪራይ ውሉ ራሱ አንድ ላይ ሆነው ሊሸጡ፣ ሊወረሱ፣ ለብድር ዋስትና ሊያዙ የሚችሉ የተከራዩ ንብረት ናቸው አለ። ይህ አስተሳሰብ ከፈረንሳይ የንግድ ሕግ የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ ከፒያሳ በላይ የሚስማማው ሰፈር በአገሪቱ ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ግድግዳው ከሚያወጣው ዋጋ ይልቅ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስም የሚያወጣው የሚበልጥበት ሰፈር ነበርና።

ይህ የንግድ ሕጉ ድንጋጌ በፒያሳ በሙሉ ጉልበቱ የሠራው ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የኪራይን ግንኙነት ከሥሩ ነቀለው። ትርፍ ቤት ማለት አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤትና ከተፈቀደለት የሥራ ቤት በላይ ያለው ቤት ሁሉ ሲሆን፣ ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው ከከተማ ቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንዲያስተዳድሯቸው ተደረገ፤ አነስተኛ ኪራይ ይከፈልባቸው የነበሩ መኖሪያ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለከተማይቱ ድሃ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ በተለይ በሌላው ሰው መሬት ላይ የራሱን ጎጆ የሠራው ሰው ከባለመሬቱ ፈቃድ ነፃ ወጣ። በ1900 ዓ.ም. የተጀመረው የመኳንንቱ የቦታ ባለቤትነትም በዚያው ቀን አበቃ።

የፒያሳ የቢሮና የሱቅ ተከራይ ዕጣ ግን ከዚህ የተለየና የተወሳሰበ ነው። በአንድ በኩል አከራዩ ተለውጦ መንግሥት ሲሆን ተከራዩን ለማስወጣትም ሆነ ኪራዩን ለመጨመር የሚቸኩል ሰው ጠፋ፤ በ1960ዎቹ የተተመነ ኪራይ የገንዘቡ የመግዛት አቅም እየወረደ ሲሄድ ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ መጣ፤ ውሉ የማያልቅ ያህል ሆነና ከአባት ወደ ልጅ ይሸጋገር ጀመር። በሌላ በኩል ደግሞ የንግድ ሕጉ የተከራዩ ንብረት ያለው የኪራይ መብት የሚገበያይ ነገር መሆኑ ቀረ፤ የመንግሥትን ቤት ለሌላ ማስተላለፍ የአስተዳደሩን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ተከራዩ ዝናውን ሸጦ መሄድ አይችልም፤ ይዞት ይቀመጥ ነበር እንጂ። መሬት ላይ ያለው ፍላጎት ግን በአዋጅ የሚቆም አልሆነም። ርካሽ ውል የያዘ ሰው ክፍሉን ከፍሎ ለሌላ ማከራየት፣ ከመጪው ጋር የሽርክና ውል ያለ አስመስሎ ቦታውን መልቀቅ፣ በአንድ የንግድ ፈቃድ ሥር ሦስትና አራት ሰው ማስጠለል የተለመደ ሆነ። ሕዝቡ ለዚህ አሠራር ያወጣለት ስም የተከራይ አከራይ ነው። በዚህ አሠራር የተጎዳው ከሁሉ በታች ያለው ሰው ነበር፤ ለመንግሥት የሚከፈለውን ብዙ እጥፍ እየከፈለ፣ በስሙ ውል የሌለው፣ የሥራ ቤቱን አድራሻ በግብር ሰነዱ ላይ በሙሉ ልብ የማይጽፍ፣ ዋናው ተከራይ የሞተ ዕለት ከነዕቃው የሚወጣ።

የዚህ የታገደ ኪራይ ሌላው ውጤት በቤቶቹ አካል ላይ የታየው ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። ባለቤት የሆነው መንግሥት ከቤቱ የሚያገኘው ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ ስላልነበረ አላደሰም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰሱን አልወደደም፤ ቢወድም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ቆርቆሮው ዛገ፣ በረንዳው ተዘነበለ፣ ደረጃው ተቦረቦረ። ይሁን እንጂ በሌሎች የዓለም ከተሞች አሮጌ የንግድ ሰፈሮችን በአንድ ትውልድ ያጠፋው የመሬት ሽያጭ ስላልነበረ፣ እነዚያው የሚናስ ኸርበኪያን ዘመን በረንዳዎች ከሌላ ቦታ በረዘመ ዕድሜ ቆሙ። ፒያሳን ከአርባ ዓመት በላይ ያቆያት እንክብካቤ ሳይሆን ርካሽ ኪራይና የማይሸጥ መሬት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በይዞታው ያለው አካል እንዲጠብቀው ግዴታ ጣለበት፤ በፒያሳ ግን ባለይዞታው የኪራይ ቤቶችም ይሁን ቀበሌው በአንድ ሰነድ አከራይ፣ በሌላው የቅርስ ጠባቂ ሆኖ የሚታይ በመሆኑ፣ ቤቱ ሲያፈስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ኖሯል። በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረው ቤት ላይ ያደረሰው ጉዳት የእነዚህ የእንጨት ቤቶች ሕይወት ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንዳለ አሳይቷል።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግለሰብ ቤት ማከራየት እንደገና ሲችል፣ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ቦታ ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝበትን ሥርዓት አመጣ። የግል ባለሀብት በሊዝ ቦታ ላይ የሠራቸው ፎቆች በቦሌና በካዛንቺስ፣ ዘግየት ብሎም በፒያሳው ዳርቻ ሲነሡ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የኪራይ ዓለም ተፈጠረ። በአዲሱ ፎቅ ቢሮ የሚከራየው በካሬ ሜትር ተለክቶ፣ በደላላ ተደራድሮ፣ የብዙ ወር ክፍያ በቅድሚያ ተከፍሎ ነው፤ ውሉ አጭር፣ ጭማሪው ተደጋጋሚ ነው። በአሮጌው ፒያሳ ግን ክፍል በክፍልነቱ፣ በነገረ ታሪኩና በተከራዩ ስም ይታወቅ ነበር። የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ስሙን እየለወጠ የመንግሥት ቤቶች ኤጀንሲ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ አሮጌውን ኪራይ ከገበያው ዋጋ ጋር ለማቀራረብ ያደረገው ክለሳ ሁለቱን ዓለሞች ለማገናኘት የተደረገ ሙከራ ነው። ለመንግሥት ካዝና ተገቢ የሆነው ይህ እርምጃ ለብዙ ዓመት በተለመደ ኪራይ ላይ ሥራውን ለመሠረተው ሰው ድንገተኛ ዱብ ዕዳ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተመርቆ ከተከፈተ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያ የተባለውን መንደር ጨምሮ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ጎዳናው ሰፍቶ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተነጥፎ፣ መብራት ተተክሎ ሰፈሩ አዲስ ገጽ ሲይዝ፣ በፈረሱት ቤቶች ውስጥ የነበሩት የንግድና የቢሮ ተከራዮች ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተበተኑ። አንዳንዶቹ ስማቸውን ከነሰሌዳው ይዘው ሄዱ፤ ደንበኛቸው ግን ከሰፈሩ ጋር የተሳሰረ ስለነበረ፣ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጉ በአንድ ስም የጠራቸው ነገሮች፣ ማለትም ዝናው፣ ስሙና ቤቱን የመከራየት መብቱ፣ እርስ በርስ ተለያዩ። ያ የንግድ ሕግ ራሱ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 በአዲስ ሕግ ተተክቷል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲደረግ በማዘዝና የኪራይ ጭማሪን ልክ በማበጀት ለተከራይ ጥበቃ ቢያቆምም፣ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ በሌላ ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል የተከራየ ጠበቃ፣ ልብስ ሰፊ ወይም አስመጪ ዛሬም ውሉን የሚፈርመው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ከአከራዩ ጋር በተስማማበት ዋጋና ዘመን፣ በእማኞች ፊት ነው።